ሌቪናስ በሬዲዮ የተጠየቃት ጥያቄ፦ "ሌላው" ፍልስጤማዊው አይደለም ወይ?

ዘቂርቆስ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ኢማኑኤል ሌቪናስን እያነበብኩ ነው። ለማታውቁት በአጭሩ፦ በ1906 ሊትዌኒያ፣ ካውናስ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፣ ኋላ ፈረንሳዊ ሆኗል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ማረኩት፣ ካምፕ ውስጥ ከረመ። ወላጆቹንና ወንድሞቹን ናዚዎች እዚያው ሊትዌኒያ ገደሏቸው። ከዚያ የወጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲል ኖረ። ፍልስፍና "እኔ ማን ነኝ" ከሚለው አይጀምርም፣ ፊቴ ከቆመው ሰው ነው የሚጀምረው አለ። የዚያ ሰው ፊት "አትግደለኝ" ይለኛል። እኔ ሳልስማማ፣ ሳልፈርም፣ ባለዕዳው ነኝ።

ይሄ ነገር በአማርኛ ሲታሰብ ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል። እኛ ጋ ፊት ይሰጣል፣ ፊት ይጠቁራል፣ ሰው ሲያፍር "በየት ፊቴ" ይላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን "ፊት ነሳኝ" ነው። ሌቪናስ ስንት መቶ ገጽ የፈጀበትን አያቴ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሴፕቴምበር 1982፣ ቤይሩት፣ ሰብራና ሻቲላ። የሊባኖስ ክርስቲያኖች ፓርቲ የሆነው የፋላንጅ ሚሊሻዎች የፍልስጤም ስደተኞች ሰፈር ገብተው ከ16 እስከ 18 ድረስ ያገኙትን ሰው ፈጁ። አካባቢውን የከበበው የእስራኤል ጦር ነበር። ማታ ማታ በመብራት ጥይት ሰማዩን ያበራ የነበረውም እሱ ነው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፣ ከመቶዎች ተነስቶ እስከ 3,500 የሚያደርሱት አሉ። እስራኤል ውስጥ ራሱ ሕዝብ በተቃውሞ ቴል አቪቭ አደባባይ ሞላ። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመና በ1983 መከላከያ ሚኒስትሩ አሪኤል ሻሮን በግል ተጠያቂ ነው ብሎ ከቦታው እንዲነሳ አደረገ።

ሴፕቴምበር 28 ሌቪናስ ፓሪስ ውስጥ በአይሁዶች ሬዲዮ ቀረበ። አጠገቡ ጸሐፊው አላን ፊንኪልክሮት አለ። ጠያቂው ሽሎሞ ማልካ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። አንተ የ"ሌላው" ፈላስፋ ነህ፣ ለእስራኤላዊ "ሌላው" ከሁሉም በፊት ፍልስጤማዊው አይደለም ወይ? አለው።

መልሱን በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው። የእኔ የ"ሌላው" ትርጉም እንዲያ አይደለም አለ። ሌላው ማለት ጎረቤት ነው፣ የግድ ዘመድ አይደለም፣ ዘመድ ሊሆን ግን ይችላል። ጎረቤትህ ሌላውን ጎረቤት ቢያጠቃ፣ ቢበድለው ግን ምን ታደርጋለህ? ያኔ ሌላነት መልኩን ይቀይራል፣ ሌላው ውስጥ ጠላት ሊገኝ ይችላል። ቢያንስ ማን ልክ ማን ስህተት እንደሆነ መለየት ግድ ይሆናል። የተሳሳቱ ሰዎች አሉ።

ሬሳው ከተለቀመ ሁለት ሳምንት አልሞላም እኮ።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሰውዬው ፈራ ወይስ ፍልስፍናው ራሱ እዚህ ጋ ያልቃል? ሰደበ አይደለም የምለው። ፊት ነሳ ነው የምለው።

---

አራዳ_ዘፒያሳ

ይሄ ሰውዬ ፍልስጤማዊ ፊት የለውም ያለው አይደል? ቲክቶክ ላይ አይቼዋለሁ። አለቀ በቃ፣ ምን ያወያያል።

---

ዘቂርቆስ

አላለም። እሷ አባባል አንዳንድ ምሁራንም ሳይቀሩ ሲደጋግሟት ነው የከረሙት፣ ቃለ ምልልሱ ውስጥ ግን የለችም። ያለው ከላይ የጻፍኩት ነው። እንደዛ ብሎ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ቀላል ነበር፣ ዘረኛ ብለን መጽሐፉን እንወረውራለን። ችግሩ ያለው መልስ ልክ መምሰሉ ነው። "ሁለት ጎረቤቶች ሲጣሉ ማን እንደበደለ ማየት አለብህ" ሲባል ማን ይቃወማል? የሰፈር ሽማግሌም እንደዛው ነው የሚለው።

---

የቆሎ_ተማሪ

እኔ ለሌቪናስ ልሟገት። ዘቂርቆስ፣ ግማሹን ነው ያመጣኸው።

ሌቪናስ ከ1982 በፊትም "ሦስተኛው ሰው" የሚለው ነገር አለው። በዓለም ላይ እኔና አንተ ብቻ ብንሆን ዕዳዬ ለአንተ ብቻ ነው፣ ማስላት የለም። ግን ሁሌም ሦስተኛ ሰው አለ። ሦስተኛው ሲመጣ ማመዛዘን፣ ሕግ፣ ዳኛ፣ መንግሥት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሬዲዮ የመለሰው ከመጽሐፉ የወጣ አይደለም።

ደግሞ በዚያው ፕሮግራም ያለውን ለምን ዘለልከው? ሰው ከምድር ይበልጣል፣ ከቅድስቲቱ ምድርም ጭምር ይበልጣል ብሏል። ሰው ላይ በደል ሲፈጸም ቅድስቲቱ ምድር ራቁቷን ትቀራለች፣ ድንጋይና እንጨት ብቻ ናት አለ። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሬዲዮ፣ ለዚያ አድማጭ ይሄን መናገር ቀላል ይመስልሃል?

ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ጥያቄዋ ራሷ ናት። ሕግ አዋቂው ጌታን "ባልንጀራዬስ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀው (ሉቃስ 10)። ጌታ ስም ዝርዝር አልሰጠውም። ታሪክ ነገረውና ጥያቄውን ገለበጠበት፦ ከእነዚህ ከሦስቱ በወንበዴዎች እጅ ለወደቀው ባልንጀራ የሆነው ማን ይመስልሃል? "ሌላው ማን ነው" ብለህ ስትጠይቅ አንተ መሃል ተቀምጠህ ሰው እየመረጥክ ነው። እሱ ደግሞ ሄደህ ሁን አለ።

(ሳምራውያን ዛሬም እንዳሉ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሺህ አይሞሉም። ግማሾቹ ናብሉስ አጠገብ ገሪዛን ተራራ ላይ፣ ሌሎቹ ቴል አቪቭ አጠገብ ሆሎን ይኖራሉ። በሁለቱም ወገን አሉ ማለት ነው።)

---

ሻሼ_ጨፋሪው

የኔታ ቅድስቲቱ ምድር ድንጋይና እንጨት ናት ካልክ ዴር ሱልጣንንም ለግብጾች እንስጣቸዋ 😂

---

የቆሎ_ተማሪ

ዴር ሱልጣንን ተዉልኝ።

(ሳቅክ እንጂ ነጥብ አለህ። መነኮሳቶቻችን ኢየሩሳሌም፣ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩበት፣ በ1970 የፋሲካ ሌሊት ቁልፉ የተቀየረበት ገዳም ነው። በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጾቹ ይመለስ ብሎ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። እኔ እዚያ ጉዳይ ላይ ፈላስፋ አይደለሁም፣ ሐበሻ ነኝ። እንግዲህ ሌቪናስንም በዚህ ዓይን እዩት።)

---

ዶማን_በዶማ

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገር ታበዛላችሁ። ይሄ የመሬት ጸብ ነው። አባቶቻችን በወሰን ስንት ዘመን ሲጋደሉ ኖረዋል፣ ማንም ፈላስፋ አልጠራም። በ1948 ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማዊ ከቀዬው ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሞሮኮ አይሁዶች በመቶ ሺዎች ተነቀሉ። ሁለት የተነቀለ ሕዝብ አንድ መሬት ላይ ሲገናኝ ይጋጫል። አበቃ።

"ዘር" የምትሉት ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ፋሽን ነው። የየመን አይሁድና የጋዛ አረብ ጎን ለጎን ብታቆማቸው ማንን ከማን ትለያለህ? መልካቸው አንድ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚለውን ሚኒሶታ ተዉት።

---

ዘቂርቆስ

ዶማ፣ የመሬት ጸብ መሆኑን ማን ካደ። ግን "መልካቸው አንድ ስለሆነ የዘር ጉዳይ አይደለም" ያልከው ላይ ቆም በል። መልስህ ሩቅ አይደለም፣ ጎንደር ነው።

ቤተ እስራኤልና ጎረቤቱ አማራ በመልክ ይለያል? አይለይም። ቋንቋው? አንድ ነው። ግን "ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል" ሲባል ኖረ። ለምን? ወደ ኋላ ሂድ። ለዐፄ ይስሐቅ የሚሰጥ ትውፊት አለ፣ 15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፦ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ (ስደተኛ) ይሁን። ርስት የተነሳ ሰው ምን ይበላል? ሸክላ ሠራ፣ ብረት ቀጠቀጠ። እሳትና ብረት ስለያዘ ደግሞ ቡዳ ተባለ። ቅደም ተከተሉን አየኸው? መጀመሪያ መሬቱ ሄደ፣ ከዚያ እጁ ላይ የቀረው ሙያ ተናቀ፣ መጨረሻ ላይ "ተፈጥሮው ነው" ተባለ። መልክ ቢጠፋ ጅብ ተፈለገለት።

ኤድዋርድ ሰዒድም ያለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1935 ኢየሩሳሌም ተወልዶ ኒው ዮርክ ያስተማረ ፍልስጤማዊ ነው። ስለ አረብ የሚጻፈው "ዕውቀት" መጀመሪያውኑ ለመግዛት እንዲመች ሆኖ የተሰፋ ልብስ ነው ይላል። ሐና አረንት ደግሞ፣ እሷም ከናዚ ያመለጠች አይሁዳዊት ናት፣ በ1951 ባሳተመችው መጽሐፍ የአይሁዶች አገር አልባነት ሲፈታ ሌላ አገር አልባ እንደወለደ በግልጽ ጽፋለች፣ ከ700 እስከ 800 ሺህ አረብ። መብት ከመጠየቅህ በፊት መብት እንዲኖርህ የሚያደርግ መብት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳቧም ከዚያው መጽሐፍ ነው። ሚኒሶታ አልሄድኩም እንግዲህ።

---

ሮማን_ከቤይሩት_መልስ

ፍልስፍና አልተማርኩም። ግን ሰብራን አውቃታለሁ፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሰው ቤት፣ ከዛ ወጣሁ። ወረቀቴ መዳም ጋ ቀረ። ወረቀት የሌለው ሰው የት ይከራያል? ሻቲላ። እዛ ፍልስጤም አለ፣ ሶሪያ አለ፣ ባንግላዲሽ አለ፣ ሐበሻ አለ። ርካሽ ነው፣ ፖሊስም ብዙ አይገባም። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ የኤሌክትሪክ ሽቦው ጭንቅላትህን ይነካዋል፣ በዝናብ ጊዜ ሰው በሽቦ ይሞታል። እሁድ እሁድ ሰብራ ገበያ ርካሽ ነገር እንገዛለን። እዛ ምን እንደተደረገ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቅኩም ነበር። መቃብራቸው ከገበያው አጠገብ ነው፣ እኔ ሜዳ መስሎኝ ነበር።

አከራዬ ፍልስጤማዊ ነው፣ ሽማግሌ። ወረቀት አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት። እኔም የለኝም ብሎ ሳቀ። እዛው ተወልዶ እዛው አርጅቶ ዜግነት የለውም። ሊባኖስ ውስጥ ፍልስጤም ሐኪም ወይ ጠበቃ ሆኖ መሥራት አይችልም፣ ከ2001 ወዲህ ቤት በስሙ መግዛትም በሕግ ተከልክሏል። ያከራየኝ ቤት በወረቀት የሱ አይደለም። ልጁ መሐንዲስነት ተምሮ ቀለም ይቀባ ነበር።

ግን ደግሞ ሁሉን ልንገራችሁ። የዛው ሰፈር ሕፃናት ሳልፍ "አብዴ" ይሉኝ ነበር። ባሪያ ማለት ነው። ሽማግሌው ሰምቶ አንድ ቀን አንዱን በጥፊ መታው። ሌላ ቀን ደግሞ ራሱ ለሚስቱ ስለ እኔ ሲያወራ በግድግዳው ሰማሁት፣ "አብዴዋ ኪራይ ከፍላለች" አላት። ክፋት አልነበረውም እኮ። ለሱ ስሜ ነው።

እና እኔ ፍልስጤም ተበዳይ ነው ሲባል እውነት ነው እላለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ተበዳይ ስለሆነ ሰው አይበድልም ማለት አይደለም። ሌቪናስ ምን ይላል ለዚህ?

---

ሐሊማ_ዘደሴ

ሮሚዬ፣ አላህ ያክብርሽ፣ እንዲህ አድርጎ የጻፈው የለም።

"አብድ" የሚለው ቃል ላይ እኔም ጂዳ ስላደግኩ ብዙ የምለው አለኝ። በሐዲስ አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ሰደበው፣ ሰውየው ቢላል ነው የሚሉም አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) "አንተ ገና ጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት የነበረው ድንቁርና) ያለብህ ሰው ነህ" አሉት። ሃይማኖቱ እንዲህ ይላል፣ መንገዱ ላይ ያለው ሌላ ነው። ጋዛ ውስጥም ጥቁር ፍልስጤማውያን የሚኖሩበትን ሰፈር በዚያው ቃል የሚጠሩ አሉ። ኢየሩሳሌም ደግሞ አል አቅሷ በር ላይ ከቻድ፣ ከሱዳን፣ ከሴኔጋል ለሐጅ መጥተው የቀሩ ሰዎች ልጆች አሉ፣ ፍልስጤማዊ ናቸው፣ ከሌላው እኩል ይታሰራሉ።

ስለ ሬዲዮው ግን አንድ ነገር ማንም አላለም። ስቱዲዮው ውስጥ ማን ነበር? ሌቪናስ፣ ፊንኪልክሮት፣ ማልካ። ሦስቱም አይሁድ ፈረንሳዊ። ስለ ፍልስጤማዊው ፊት እያወሩ ፊቱ ግን የለም!

በ615 ሶሐቦች (የነቢያችን ባልደረቦች) ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የመካ ቁረይሾች ተከትለው መልእክተኛ ላኩ፣ ስጦታ ይዘው፣ "የእኛ አመጸኞች ናቸው፣ መልስልን" ብለው። ቀሳውስቱም መልስላቸው አሉት። ነጃሺ "የተሳሳቱ ሰዎች አሉ" ብሎ በሩቁ አልፈረደም። ከስደተኞቹ ጃዕፈርን አስጠርቶ አቀረበው፣ እስኪጨርስ ሰማው፣ ከቁርኣን እንዲያነብለት ጠየቀው፣ የመርየምን ምዕራፍ ሰምቶ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ነው የፈረደው። የቆሎ ተማሪ፣ "ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ዳኛ ያስፈልጋል" አልክ። እሺ። ዳኛ ግን ሁለቱን ያስቀርባል።

---

የቆሎ_ተማሪ

ሐሊማ፣ ይሄ ሲመጣብኝ አላየሁትም። እጄን ሰጥቻለሁ፣ ለጊዜው።

---

ጽዮን_ዘለዓለም

ሁላችሁም ስለ 1982 ታወራላችሁ። ኦክቶበር 7፣ 2023 ወደ 1,200 ሰው ታርዷል፣ 251 ሰው ታግቶ ተወስዷል። ሕፃን፣ አሮጊት፣ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የነበሩ ወጣቶች። የእነሱ ፊትስ? ያን ቀን ማን "ፊቱን አይቼ ተውኩት" አለ? ሌቪናስ ይሄን ነው የነገራችሁ፣ ጠላት አለ ነው ያለው። እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ ትፈላሰፋላችሁ።

---

ዘቂርቆስ

የእነሱም ፊት ነው። ይሄን ለመናገር አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም፣ ሊፈጅብኝም አይገባም። ያን ቀን የተደረገው ሌቪናስ ያስተማረውን ሁሉ መርገጥ ነው።

ግን ከሁለት ቀን በኋላ የዚያን ጊዜው የእስራኤል መከላከያ ሚኒስትር ዮአቭ ጋላንት ጋዛ መብራት፣ ምግብ፣ ነዳጅ እንደማይገባ ተናግሮ "የምንዋጋው ከሰው አራዊት ጋር ነው" አለ። ሐማስን ነው ሊባል ይችላል። መብራቱና ምግቡ የተቋረጠው ግን የሁሉም ነው። ከዚያ ወዲህ ጋዛ የሞተው በአስር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ጠላት አለ ማለትና ሕዝብን ሙሉ ከሰው ቁጥር ማውጣት አንድ አይደለም። ሌቪናስ "ጠላት" ሲል የመጀመሪያውን ነበር፣ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ነው የተወው፣ ቂሜ እሱ ነው።

---

አወያይ

ሁለት አስተያየት ሰርዣለሁ። የሟች ቁጥር እያነጻጸራችሁ የምትሳሳቁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ክሩ አልተዘጋም።

---

የቆሎ_ተማሪ

"አራዊት" ካላችሁ አይቀር የውሻውን ነገር ላምጣ።

ሌቪናስ ካምፕ ሳለ እስረኞቹ ጫካ ውስጥ እንጨት ሲቆርጡ ይውሉ ነበር። ዘበኞቹ፣ መንገደኛው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም እንደ ሰው አያያቸውም ነበር። ከዚያ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ መጣ። ቦቢ አሉት። ጠዋት ሲሰለፉ ይመጣል፣ ማታ ሲመለሱ እየዘለለ እየጮኸ ይቀበላቸዋል። ለእሱ ሰዎች መሆናችን አያጠራጥርም ነበር ይላል ሌቪናስ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዘበኞቹ አባረሩት።

እኔ ይሄን ሳነብ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? አኩፋዳ አንግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በየደጁ የዞረ ያውቀዋል። የእኛን ውሻ ፍልስፍና የሚያስተምረው የለም፣ ተረከዜ ላይ ጠባሳው አለ 😀 ውሻው ቢነክሰኝም ግን ከውስጥ "ማነው? የእግዜር እንግዳ ነው፣ ያዙት ውሻውን!" የሚል ሰው ይወጣ ነበር። ስሜን አይጠይቁም። አገሬን የሚጠይቁኝ ከበላሁ በኋላ ነው። ዳዊት "እኔ በምድር እንግዳ ነኝ" ሲል ግዕዙ "ፈላሲ" ይለዋል። ያው ቤተ እስራኤል የተሰደበበት ቃል ነው። በአንድ መንደር እኔ "የእግዜር እንግዳ" ተብዬ ራቴን ስበላ፣ ወንዝ ማዶ ያለው ደግሞ "ፈላሻ" ይባላል። ይሄን ያሰብኩት ትላንት ማታ ነው፣ ዘቂርቆስ ያነሳውን ሳነብ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዳዊት ደግሜ።

---

ሻሼ_ጨፋሪው

ቁምነገር ልናገር አንዴ። ይሄው ሌቪናስ በስተርጅና ቃለ ምልልስ ላይ የሰው ልጅ ማለት መጽሐፍ ቅዱስና ግሪኮች ናቸው፣ የቀረው ሁሉ ጭፈራ ነው ብሏል። አደባባይ ላይ ሲሉት አደገኛ ነው እያለ ነው የተናገረው ደግሞ፣ እያወቀ። ሊተረጎም ይችላል ብሎ ይጨምራል፣ ደግነቱ።

ጭፈራ! እንግዲህ እኔ ከነ እስክስታዬ የት ልግባ? መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ስናነብ ፈረንሳይኛ የሚባል ቋንቋ ገና አልተወለደም ነበር እኮ። የ"ሌላው" ፈላስፋ ሌላውን ሲያይ የሚታየው ትከሻ ብቻ ከሆነ ፍልስጤማዊው ባይታየው ምን ይገርማል።

---

ዶማን_በዶማ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሻሼ ጋር ተስማማሁ። ጥርሴ ሊወልቅ ነው።

---

ነታንያ_88

ሻሎም። አማርኛዬ ደህና አይደለም፣ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በአምስት ዓመቴ ነው ወደ እስራኤል የመጣሁት። እናቴ አጠገቤ ሆና እያረመችኝ ነው የምጽፈው። ሁለት ቀን አነበብኳችሁ። ስለ እኛ፣ ስለ ቤተ እስራኤል፣ እያወራችሁ ስለሆነ ልግባ።

ውትድርናዬን ኢየሩሳሌም አጠገብ አንድ ኬላ ላይ ነው የጨረስኩት። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ፍልስጤም መጣ፣ የወይን ሳጥን ይዟል። መታወቂያውን ሰጠኝና አየኝ፣ ቆይቶ በዕብራይስጥ "ከየት ነህ?" አለኝ። ከነታንያ አልኩት። "አይ፣ ከየት ነህ?" አለኝ ደግሞ። ይቺን ጥያቄ ቴል አቪቭም እጠየቃታለሁ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ። ደሜ ፈላ። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ምክንያት አልነበረኝም። ወይኑ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አላውቅም።

ዘቂርቆስ ፊት ትላለህ። እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አይቼው ነው ያቆምኩት። እና ለእኔ ሌቪናስ የሚለው አልሠራም፣ ወይም ዘግይቶ ነው የሠራው፣ አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ልብሱን ሳወልቅ ደግሞ እኔ ነኝ የምቆመው። በ1996 የእኛን ደም ተቀብለው በድብቅ ሲደፉት እንደኖሩ ሲታወቅ አባቴ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥቶ በጭስ ታንቆ ተመለሰ። በ2015 ወጣን፣ በ2019 ደግሞ አንድ ልጃችን ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት ወጣን፣ መንገድ ዘጋን፣ ጎማ አቃጠልን። የዛን ጊዜ አንዳንድ የአረብ ልጆች "አሁን ገባችሁ" ብለው ጻፉልን። የእኛ ልጆች ተናደዱ፣ እኛ አይሁድ ነን፣ አታነጻጽሩን አሉ። እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር።

በ2014 ከአሽቀሎን አጥር ዘሎ ጋዛ የገባውን ልጅ፣ አበራ መንግሥቱን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በአእምሮ ሕመም የነበረውን። ሐማስ ከአስር ዓመት በላይ ይዞት ፌብሩዋሪ 2025 ነው የተፈታው። የዛን ቀን አብረውት ከተፈቱት አንዱ ማን ነው? በደዊ አረብ፣ የእስራኤል ዜጋ፣ እሱም ታማሚ፣ እሱም በ2015 ብቻውን የተሻገረ። ለእነሱ ያን ሁሉ ዓመት ስንት ሰው አደባባይ ወጣ? እናቴ ስሙን በጸሎቷ ትጠራው ነበር። የበደዊውን ስም ግን እኛም ቤት ማንም አያውቀውም ነበር። ይሄን መጻፍ ያሳፍረኛል።

---

ዘቂርቆስ

ነታንያ፣ መልስ የለኝም። ስለ ዘርና ስለ ቅኝ ግዛት የጻፈው ጥቁሩ ፍራንዝ ፋኖን ከአንቲልስ (ካሪቢያን) የመጣ የፍልስፍና መምህሩ ያለውን ጽፏል፦ አይሁድ ሲሰደብ ስትሰማ ጆሮህን አቁም፣ ስለ አንተ ነው የሚያወሩት። ይሄን ሁሌ እወደው ነበር። አንተ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ ግን ትንሽ ቀለለብኝ። ጆሮህን አቁመህ፣ ስለ አንተ እንደሆነ ሰምተህ፣ ከዚያም ሽማግሌውን ልታቆመው ትችላለህ።

---

ሮማን_ከቤይሩት_መልስ

ነታንያ ወንድሜ፣ እኔ አልፈርድብህም። መዳሜም ፊቴን በየቀኑ ታየው ነበር። ፊት ማየት ምንም አይደለም።

እናትህ እዛ ካሉ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። አገር ቤት ጎረቤቶቻቸው ፊት ነስተዋቸው ነበር? እውነት ማወቅ ፈልጌ ነው።

---

ነታንያ_88

ጠየቅኳት። ከጠየቅኳት ጀምሮ ዝም አላለችም፣ ቡናው ራሱ ቀዝቅዟል።

ፊት አልነሱንም አለች። ቅዳሜ ገበያ ማሰሮ ይዘን እንወርዳለን፣ ይገዙናል፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ እንሳሳቃለን። ግን ሳንቲሙን በእጃችን አይሰጡንም ነበር፣ መሬት ላይ ያስቀምጡልናል። እኔ ይሄን ስሰማ "አየሽ፣ ንቀው ነው" አልኳት። ሳቀችብኝ። እኛ ነን እጃቸውን የማንነካው አለች! "አትንኩኝ" ነበር ደንባችን፣ ሌላ ሰው ከነካን ታጥበን ነው ቤት የምንገባው። እነሱ ቡዳ ይሉናል፣ እኛ ርኩስ እንላቸዋለን፣ ገበያው ግን አይቀርም። ፊት ለፊት ነው የተገበያየነው፣ እጅ ለእጅ አልነበረም።

አንዲት ጎረቤት ነበረች አለች፣ ክርስቲያን። በሌሊት ሊወጡ ሲሉ ላሟን እሷ ጋ አስቀመጡ። ሴትዮዋ ስትሰናበታት ረስታ እጇን ያዘቻት። እናቴም አልታጠበችም። መንገድ ላይ፣ አዲስ አበባ እስኪደርሱ፣ ይሄን ስታስብ ነበር አለችኝ። እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም።

---

የቆሎ_ተማሪ

የመንደሩን ስምና የሴትዮዋን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። ደምቢያ ከሆነ ወንድሜ እዚያው ወረዳ ያስተምራል፣ ያጠያይቅልኛል።

---

ነታንያ_88

ልኬልሃለሁ። እናቴ ግን ከአሁኑ ተጨንቃለች። ብትገኝስ ምን እላታለሁ፣ ላሟን ልጠይቃት ነው? ትላለች።